ቀለበት አልጠላሽም፤ ፈርቶሽ ነው

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሠፈር ነው። ግቢያችን ተከራይቶ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ አንዲት ትንሽ እባብ ሰጥቶኝ ሄደ። ሚልክ ስኔክ (የወተት እባብ) ነው የሚባለው። ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለበት ቀለበት አለው። ውፍረቱ እርሳስ ቢያክል ነው። ስሙን ቀለበት ብዬዋለሁ። ከሁለት ነጭ አይጦች ጋር ነው የተረከብኩት፤ አይጦቹ ወልደዋል። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ክዳኑን ስከፍት ይበረግጋል፣ ጭራውን ያንቀጠቅጣል፣ ስይዘው የሚገማ ነገር ይለቅብኛል። ሁለቴ የአይጥ ግልገል ሰጥቼው አልበላም። ድመት እንዳይደርስበት ሣጥኑን ቁም ሣጥን ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ታናሽ ወንድሜ ከሰዓት ከሰዓት እያወጣ ለጓደኞቹ ያሳያል። እማዬ ከቤቴ አውጪልኝ ብላለች። ጎረቤታችን ደግሞ ወተት ስጪው አለችኝ። ጠልቶኝ ይሆን? ምን ላድርግ?»

የኔ እህት፣ የድሬ ልጅ ነሽና አንቱታውን ትተን አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ።

አልጠላሽም። ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ። እባብ ቂም አይዝም። እስቲ ለአንድ አፍታ የእርሳስ ውፍረት ያለሽ ሆነሽ አስቢው። ከላይ የሚመጣ ሁሉ ጭልፊት ነው። መሬቱን የሚያንቀጠቅጥ ሁሉ ሊረግጥሽ የመጣ ነው። ያንቺ እጅ ለሱ ሰማዩን ሸፍኖ ይወርዳል። መበርገጉም፣ ጭራ ማንቀጥቀጡም፣ ያ ሽታም፣ ሦስቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ አትብላኝ። መርዝ የለው፣ ጉልበት የለው፣ ምን ያድርግ? ሽታው የሚመጣው ጭራው ሥር ካሉ እጢዎች ነው። የያዘው አውሬ ተጠይፎ እንዲለቀው ነው የሚረጨው። እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ በሎሚ ብታሺው ይለቃል።

ይህ ዘር ደግሞ በልጅነቱ ድንጉጥ በመሆኑ የታወቀ ነው። አገሩ አሜሪካ ነው። ከካናዳ ደቡባዊ ክፍል ጀምሮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ድረስ ዘመዶቹ አሉ። እዚያ ኮራል የሚባል፣ እሱን የሚመስል ባለ ቀለበት መርዛም እባብ አለ። ቀለበት የተወለደው የዚያን መርዛም ልብስ ለብሶ ነው። የሚያየው ሁሉ ፈርቶ እንዲተወው ነው የተሠራው። አንቺ ቤት ገብቶ ደግሞ በቀን አሥር ልጅ ይነካዋል። ግራ ቢገባው ይፈረድበታል? ሲያድግ ግን ይረጋጋል። እንደ ዓይነቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ ከአንድ ሜትር በላይ ይደርሳል፤ በደንብ ከተያዘ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ጊዜ አላችሁ ማለት ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። «ቁም ሣጥን ላይ» ያልሽው። እባክሽ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺና አውርጂው።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት እዚሁ ድሬ ከዚራ ሠፈር ተከራይቼ ስኖር አንድ ወዳጄ እባቡን ለአንድ ወር እንድጠብቅለት ሰጠኝ። የበቆሎ እባብ የሚባለው ነበር፣ የቀለበት ዘመድ። እኔም እንዳንቺ ድመት ፈርቼ ሣጥኑን ፍሪጅ ላይ አስቀመጥኩት። ወሩ ግንቦት ነበር። አንድ ቀን መብራት ጠፋ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ። ከሥራ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ክዳኑን ስከፍት እባቡን የውሃ ሳህኑ ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት። አፉ ከፈት ብሏል። ጣቴን ውሃው ውስጥ ስነክር ለብ ያለ ነበር። ሳነሳው መዳፌ ላይ እንደ ክር ተዘረጋ። ብዙ ሞከርኩ፤ አልተረፈም። ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ነበር። ያን ቀን ማታ ወለሉ ላይ በባዶ እግሬ ቆሜ ሲሚንቶው ቀዝቃዛ መሆኑ ተሰማኝ። እባቡ ከጭንቅላቴ በላይ ሲቃጠል እግሬ ሥር ቀዝቃዛ ቦታ ነበር። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ኢንተርኔት ላይ የምታነቢው ምክር አብዛኛው የተጻፈው ለብርድ አገር ሰው ነው። ማሞቂያ ግዢ፣ አምፖል አብሪ ይልሻል። ድሬ ላይ ያን ብታደርጊ ትገድዪዋለሽ። ቀለበት የሚፈልገው ከሣጥኑ በአንዱ ጫፍ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ፣ በሌላው ጫፍ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ሙቀት ሲያምረው ወደዚህ፣ ብርድ ሲያምረው ወደዚያ ይሄዳል። እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያስተካክለው ቦታ በመቀየር ብቻ ነውና ምርጫ ከሌለው ይጨነቃል። ሙቀቱን ድሬ በነጻ ትሰጥሻለች። ያንቺ ሥራ ቀዝቃዛውን ጫፍ መፍጠር ነው። (ሐረር ያላችሁ አንባቢዎች፣ የእናንተ ነገር ተቃራኒ ነው። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁና ሌሊት አንዱን ጫፍ ሞቅ ማድረግ ያስፈልጋችኋል። ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ ከሣጥኑ ውጭ አስጠግቶ ማስቀመጥ ለትንሽ እባብ ይበቃል።)

ስለዚህ ሣጥኑ ወለል ላይ ይቀመጥ። ፀሐይ የማይገባበት፣ ከሁሉ የቀዘቀዘው የውስጥ ክፍል ጥግ ምረጪ። ለድመቷ ሌላ መላ አለ፤ ክዳኑ ላይ ሸክላ ምጣድ ወይም ጡብ ጫኚበት። ቀን ቀን እርጥብ ጨርቅ በአንዱ ጫፍ ዙሪያ ጣል አድርጊ፣ አየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን ግን አትድፈኚ። ቴርሞሜትር ግዢና ውስጡ አስገቢው። በእጅሽ ለክተሽ «ደህና ነው» አትበይ፤ እኔ እንደዚያ እያልኩ ነበር። 33 ካለፈ የማቀዝቀዣ ጊዜው ደርሷል፣ 35 ከደረሰ ደግሞ አደጋ ነው። መብራት ሲጠፋ እንዲረዳሽ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁልጊዜ ፍሪዘር ውስጥ ይኑርሽ። በጨርቅ ጠቅልለሽ ከሣጥኑ ውጭ ታስጠጊዋለሽ።

መደበቂያስ አለው? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁም። መደበቂያ የሌለው እባብ መቼም አይረጋጋም። እዚህ ጋ ከፈረንጆቹ ሱቅ የሚበልጥ ነገር እኛ ጋ አለ፤ ገል። የተሰበረ እንስራ ወይም ጀበና ካለ ሁለት ገል ምረጪ፣ ስለታም ጠርዙን ድንጋይ ላይ አሺው፣ ከዚያ ደፍተሽ አንዱን በሞቃቱ፣ አንዱን በቀዝቃዛው ጫፍ አስቀምጪለት። ጠባብ ይሁን። እባብ ደህና ነኝ የሚለው ጀርባውም ጎኑም ሲነካ ነው። ሰፊ ጣሪያ ሥር ካስገባሽው አደባባይ ላይ እንደቆመ ነው የሚቆጥረው። በቀዝቃዛው ጫፍ ያለውን ገል ጠዋት ጠዋት ውሃ ውስጥ ነክረሽ መልሺው። ውሃው ከሸክላው ሲተን ያቀዘቅዛል፤ የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ አይደል? የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ቆዳውን ሲቀይርም ይረዳዋል። ዓይኑ እንደ ጉም ደብዘዝ ካለ ቆዳ ሊቀይር ነው። ያኔ በደንብ ስለማያይ ይብስበታል፣ አይበላምም። ዝም ብለሽ ጠብቂ። አንድ ትንሽ ክዳን ያለው ዕቃ በጎኑ ቀዳዳ አውጥተሽ እርጥብ ሶፍት ብታስገቢበት ደግሞ በጣም ጥሩ።

ከሥሩ ጋዜጣ ወይም ሶፍት አንጥፊ። አናጢ ቤት ሄደሽ ሰጋቱራ እንዳታመጪ፣ በተለይ የጥድ። ሽታው ለኛ ደስ ይላል፣ ዘይቱ ግን የእባብን ሳንባ ይጎዳል።

የዕጣንም ነገር እንዲሁ ነው። ድሬ ላይ ዕጣን ሳይጤስ ቡና አይጠጣም፣ እንዲቀርም አልልም። ሣጥኑ ግን ቡና የሚፈላበትም በርጫ የሚያዝበትም ክፍል ውስጥ አይሁን። ጭሱ አለ፣ ሰው አለ፣ «እስቲ አሳይን» አለ። ፍሊት ደግሞ እሱ ባለበት ክፍል በጭራሽ አይነፋ። ሌላም አንድ ነገር ልብ በይልኝ፤ ትንኝ እንዳይገባ ብለሽ ወይም ክዳን አድርገሽ አጎበር እንዳታለብሺው። አጎበሩ የተነከረበት መድኃኒት ትንኙን የሚገድለው ነው፣ ለተሳቢ እንስሳትም ጥሩ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የሚቀጥሉትን ሰባት ቀናት ምንም አታድርጊ። አቦ፣ እውነቴን ነው። ምንም። ያለፉት ዘጠኝ ቀናት ከሰዓት ከሰዓት እየወጣ ስለነበር አልተቆጠሩም። ዛሬን አንድ በይ። የሣጥኑን ሦስት ጎን በወረቀት ሸፍኚ፣ ውሃውን በየቀኑ መሸት ሲል ቀስ ብለሽ ቀይሪ፣ ከቆሸሸ ሶፍቱን አንሺ፣ አበቃ። ክዳን እያነሱ ማየት የለም። ስፒከርም ሣጥኑ ካለበት ወለል ላይ አይቀመጥ። እባብ የውጭ ጆሮ የለውም፤ የመሬቱን ንዝረት ግን በመንጋጋው ይሰማል። በራችሁ ላይ ባጃጅ በቆመና በተነሣ ቁጥር ለሱ መሬት ተንቀጠቀጠ ማለት ነው። ባጃጁን ማስቆም አትችዪም፣ ከመንገድ የራቀውን ግድግዳ መምረጥ ግን ትችያለሽ። ከሣጥኑ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ ብታደርጊለትም ይቀንስለታል።

ታናሽ ወንድምሽን አትቆጪው። እሱ የወደደውን ማሳየቱ ነው። ሥራ ስጪው። ደብተር ይያዝና ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ 9 ሰዓት ቴርሞሜትሩን አይቶ ይጻፍ። «ያንተ ኃላፊነት ነው፣ ማንም እንዳይነካው ጠብቅ» በዪው። ትናንት ሲያወጣው የነበረው ልጅ ነገ ጓደኞቹን ከበር ይመልሳል። ልጆች ኃላፊነት ሲሰጣቸው እንዲህ ናቸው።

በስምንተኛው ቀን ማታ፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ምግቡን ሞክሪ። የወተት እባብ የሌሊት ፍጡር ነው፣ በቀን ሰጥተሽው ከሆነ እምቢ ማለቱ አይገርምም። ፀጉር ያላወጣ፣ የአንድ ወይም የሁለት ቀን የአይጥ ግልገል ነው የሚሰጠው። ልኩ ከእባቡ ወፍራም ቦታ የማይበልጥ ይሁን። ገሉ ደጃፍ አስቀምጪ፣ መብራት አጥፊ፣ ውጪ። እስኪነጋ አትመለሺ። በዓይንሽ ፊት እንዲበላ መጠበቅ ትልቁ ስሕተት ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ለግልገሎቹም አንጀትሽ ይላወሳል። እኔም አልለመድኩትም። ግን ሌላ መብል የለውም፣ ስለዚህ እናት አይጦቹን በንጽሕና፣ በደንብ አብልተሽ አሳድጊ። አይጥ የምታረግዘው ሦስት ሳምንት ያህል ነው፣ በአንዴ ስድስት ሰባት ትወልዳለች፣ ለአንድ እባብ ይተርፋል። ያደገ አይጥ በሕይወቱ ሣጥኑ ውስጥ አታስገቢ፣ ነክሶ ሊገድለው ይችላል። ከግቢ የተያዘ አይጥም አይሆንም። ማን ቤት መርዝ በልቶ እንደመጣ አይታወቅም።

በዚህም እምቢ ካለ አንድ ብልሃት አለ። ይህ ዘር በልጅነቱ ዱር ውስጥ እንሽላሊት ይበላል። ማታ ማታ አምፖል ሥር ትንኝ የሚለቅሙትን የግድግዳ እንሽላሊቶች ታውቂያቸው የለ? አንዷን በለስላሳ ጨርቅ ያዢ፣ ግልገሉን ጎኗ ላይ ቀስ አድርገሽ አሺው፣ እሷን ወደ ግድግዳዋ ልቀቂያት። ግልገሉ ጠረኗን ይይዛል። ስንት እምቢተኛ እባብ የተገራው በዚች ብልሃት ነው። አሁንም ካልበላ ግልገሉን አንሺና አምስት ስድስት ቀን ጠብቂ። በየማታው አትወትውቺው።

የበላ ቀን እንኳን ደስ አለሽ። ለሁለት ቀን ግን አትንኪው፣ ከተነካ ያስመልሰዋል። ከዚያ በየአምስት እስከ ሰባት ቀን አንድ። ሦስት ጊዜ ተከታታይ ሲበላ ያኔ እጅሽን ማስለመድ ትጀምሪያለሽ።

እንዴት? መሬት ላይ ፍራሽ ዘርጊና ተቀመጪ፣ ቢወድቅም እንዳይጎዳ። እጅሽ በሳሙና የታጠበ ይሁን፣ አይጥ የነካ እጅ ለሱ ምግብ ነው። ገሉን አንሺ። እጅሽ ከላይ አይውረድ። ከጎን፣ ወለሉን እየታከከ ይግባ፣ ከሥሩ ይሂድና ያንሳው። አትጨብጪ። ጭራውን አትያዢ፣ ጭንቅላቱን አትጫኚ። ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይሂድ፤ ቀኝሽ ሲያልቅበት ግራሽ ፊቱ ላይ ይጠብቀው። መጀመሪያ እንደ ጅራፍ ይወራጫል። ያኔ ደንግጠሽ ብትመልሺው «ስወራጭ ይለቁኛል» ብሎ ይማራል። ስለዚህ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ምላሱን ቀስ ብሎ እያወጣ መራመድ ሲጀምር ጠብቂና ያኔ መልሺው። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ለመጀመሪያው ቀን ከበቂ በላይ ነው። ቢነክስሽስ? ጥርሱ ቆዳ ቢቧጥጥ ነው፣ በሳሙና ታጠቢ። ከነካሽው በኋላ ሁሉ እጅ መታጠብ ግን ግዴታ ነው። ተሳቢዎች ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ተህዋስ ይይዛሉ። ቤታችሁ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ እንዲነካው አትፍቀጂ።

ወተቱን በተመለከተ፣ ለጎረቤትሽ አመስግነሽ ንገሪያት፤ አይሆንም። ስሙ የመጣው ከተረት ነው። የአሜሪካ ገበሬዎች ላም በረት ውስጥ ያገኙትና ላሚቱን ጠብቶ ነው ይሉ ነበር። እሱ የገባው አይጥ ፍለጋ ነው። እባብ ለመጥባት የሚሆን ከንፈር የለውም፣ ሆዱም ወተት አይፈጭም። ንጹሕ ውሃ ብቻ ስጪው። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወው ነጭ ቅርፊት ሳህኑንም ስለሚይዘው አልፎ አልፎ በአቼቶ እጠቢው።

የእማዬ ነገር ከሁሉ ከባዱ ነው። አትከራከሪያት። እሷ ያሳደገችሽ እባብ ሲታይ ልጅ ወደ ቤት በሚጠራበት አገር ነው፣ ደግሞም ልክ ናት። በኛ አካባቢ እፉኝት አለ፣ ኮብራ አለ። ፍርሃቷን አክብሪላት። ሣጥኑን አምጥተሽ ማስነካት ሳይሆን መቆለፊያውን አሳዪያት። ክዳኑ በአራቱም ጎን የሚቆለፍ መሆኑን፣ ቀዳዳዎቹ በጋለ ሽቦ የተበሱ ጥቃቅን መሆናቸውን፣ ክፍሉ ሁልጊዜ የሚዘጋ መሆኑን። ይህ ዘር በማምለጥ የታወቀ ነው፤ እርሳስ የሚያልፍበት ቀዳዳ ለሱ በር ነው። አንድ ቀን ቢጠፋ የእማዬ እምነትም አብሮ ይጠፋል፣ ጎረቤት ካገኘውም በዱላ ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ ለመቆለፊያው ገንዘብ አትሰስቺ።

የወንድምሽን ጓደኞች ሰብስበሽ ደግሞ አንድ ነገር በያቸው፦ የማይጎዳው ይህ ሣጥን ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ግቢ ውስጥ፣ ድንጋይ ሥር፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚያዩትን እባብ ምንም ያማረ ቢሆን አይነኩም፣ ትልቅ ሰው ይጠራሉ። ይህን ሳትነግሪያቸው እንዳታድሪ። ቀለበትን ስላዩ ብቻ እጁን ወደ እፉኝት የሚዘረጋ ልጅ እንዳይኖር።

የዱር እንስሳ መያዝ ፈቃድ የሚጠየቅበት ጉዳይ ስለሆነ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቂ። ሰው ጥሎልሽ የሄደው መሆኑን እንዳለ ተናገሪ። ማቆየት ካልቻልሽም ለእነሱ ነው የሚነገረው። ውጭ መልቀቅ የለም። አገሩ አይደለም፤ ወይ ይሞታል ወይ ይገደላል።

በመጨረሻ፣ ክብደቱን ማወቅ አለብሽ። የወጥ ቤት ሚዛን ለሱ አይሠራም። ወርቅ ቤት ያለው ሚዛን ግን ግራምን በነጥብ ይለካል። ትንሽ ክዳን ያለው ዕቃ ባዶውን አስመዝኚና ቁጥሩን ጻፊ። ከዕረፍቱ ሳምንት በኋላ እባቡን እዚያው ዕቃ ውስጥ አድርገሽ ወርቅ ሠሪውን አስፈቅደሽ ሄደሽ መዝኚው። ልጅ እባብ ሳይበላ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ ክብደቱ ካልወረደ አትረበሺ። ከአሥር እጅ አንዱ ከቀነሰ፣ ጎኑ ከሾለ፣ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ ወይም አፍንጫው ላይ አረፋ ካየሽ ግን ቤት አትቀመጪ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ ከድሬ ሩቅ አይደለም። በጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ በጨርቅ ከረጢት አድርገሽ ሂጂ። የወንድምሽንም ደብተር ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ የሙቀቱን ቁጥር ነው።